የድሮ የዴንማርክ ፒፓ ማን እንደሰራው እንዴት ይለያል?

አንገቱ (ትምባሆ የሚሞላበትን ክፍል ከመምጠጫው ጋር የሚያገናኘው እንጨት) ላይ ስም ስላለ ብቻ ሰሪውን አወቅን ማለት አይደለም። በዴንማርክ ፒፓ ላይ ያለው ስም የትምባሆ ሱቅ ሊሆን ይችላል። የአስመጪ ሊሆን ይችላል። ከሌላ አገር የተገዛ የንግድ ስምም ይሆናል። ሻጩ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ዋጋ መጥራት ላይ ግን አይታማም።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. አትወልውሉት

ፒፓው ገና እጃችሁ እንደገባ ማብረቅ ያምራችኋል። ተዉት። ማህተሙ እንጨቱ ላይ በጣም በስሱ ነው የተመታው። ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካለፈበት አለቀለት። ገበያ ላይ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ አንገቱ ላይ ግን ግማሽ ፊደል ብቻ የቀረለት ፒፓ ካያችሁ፣ አንዱ «አሳምሬ ልሽጠው» ብሎ ማንነቱን ፍቆታል ማለት ነው። በትንሹ የረጠበ ጨርቅ ይበቃል።

2. ማህተሙን አንብቡ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መብራቱን ከላይ ስለሚያበራ ነው። ከላይ የመጣ ብርሃን ጥላ አይሰጥም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ያረጀ ማህተም አይታይም።

ክፍሉን አጨልሙ። የስልካችሁን መብራት ከአንገቱ ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታችሁ አብሩት። ከዚያ መብራቱን ሳይሆን ፒፓውን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። የሆነ ቦታ ላይ ፊደሎቹ በጥላ ብቅ ይላሉ። በግራ፣ በቀኝ እና ከሥር እዩ። ከሥር ያለችው ትንሽ ቁጥር ብዙ ጊዜ የቅርጹ ቁጥር ናት፤ ሰው ሁሉ የሚረሳትም እሷን ነው። አልታይ ካለ በስልክ አንሱትና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ንፅፅሩን ጨምሩ። ውድ ማጉያ መነጽር አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ርካሽ ይበቃል።

ያነበባችሁትን ፊደል በፊደል፣ መስመሩን ሳትቀይሩ ጻፉ። መሃሉ ላይ በሰያፍ የተሰረዘችውን የዴንማርክ ፊደል (Ø) ጭረት ወይም ዜሮ ብላችሁ እንዳታልፏት። ያልታየውን ፊደል በግምት አትሙሉ፤ ባዶውን ተዉት።

3. ስሙን መርምሩ

ቤን ዌድን እንውሰድ። ስሙ እንግሊዛዊ ነው፤ መነሻውም ሊድስ ከተማ። በኋላ ግን ሌን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስሙን ያዘና ዴንማርክ ውስጥ በፒፓ ሠሪው በፕሬበን ሆልም ወርክሾፕ ማሠራት ጀመረ። ስለዚህ «ቤን ዌድ» ከሚለው ጋር «በእጅ የተሰራ፣ ዴንማርክ» የሚል ማህተም ካለ የሆልም ቤት ሥራ ነው። ያለዚያ እንግሊዛዊ ሊሆን ይችላል።

«ደብልዩ ኦ ላርሰን» በ1864 የተመሠረተ የኮፐንሃገን ትምባሆ ቤት ነው። ፒፓዎቹን የጠረቡለት ሌሎች ናቸው፤ ከነሱ መካከል ቴዲ ክኑድሰንና ቶኒ ኒልሰን ይገኙበታል። ማህተሙ ላይ የጠራቢው ስም ካልታየ «የቴዲ እጅ ነው» የሚላችሁን አትመኑ። ፓይፕ ዳንም እንዲሁ የሱቅ ስም ነው።

በብዛት የሚያጋጥማችሁ ስታንዌል የተባለው የዴንማርክ ፋብሪካ ፒፓ ነው። መምጠጫው ላይ ዘውድ የደፋች የኤስ ፊደል አለች። አንገቱ ላይ 969-48 የሚል የምዝገባ ቁጥር ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሰራ ነው። እዚህ ላይ የምትሸወዱበት ነገር አለ። አንዳንዱን የስታንዌል ቅርጽ የነደፉት እንደ ሲክስተን ኢቫርሰን ያሉ ታላላቅ ባለሙያዎች ናቸው። ሻጮች ይህን ይዘው «የሲክስተን ፒፓ» ብለው ዋጋውን ሰማይ ያደርሱታል። ንድፉ የሱ ነው፤ ፒፓው ግን ከፋብሪካ ነው የወጣው። ሁለቱ በዋጋ አይገናኙም።

በተቃራኒው ሮያል ዴኒሽ፣ ዳንስክ ክለብና ስካንዲያ የስታንዌል ሁለተኛ ደረጃ ምርቶች ናቸው። ከሥር ያለው የቅርጽ ቁጥር ከስታንዌል ዝርዝር ጋር ከገጠመ ነገሩ አበቃ። እኔ ብሆን የምገዛው እነዚህን ነው። ያው እንጨት፣ ግማሽ ዋጋ።

4. መምጠጫውና እንጨቱ

መምጠጫ ይሰበራል፣ ይቀየራል። መምጠጫው ላይ ያለ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከአንገቱ ጋር ሲገጥም ጥፍራችሁን መጋጠሚያው ላይ ጎትቱት፤ ከተደናቀፈ ምናልባት የሌላ ፒፓ መምጠጫ ነው። የድሮው ጥቁር ጎማ ፀሐይ ሲመታው ወደ አረንጓዴ ቡናማ ይለወጣል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የዕድሜ ምልክት ነው።

እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ብራየር ነው። ብራየር ማለት ሥሩ አካባቢ የሚያብጥ የአስታ እንጨት ነው፤ እኛ ስሜንና ባሌ ላይ የምናውቀው ያው አስታ። ለፒፓ የሚቆረጠው ግን ከሜዲትራኒያን ዙሪያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብራየር ዴንማርክ አልገባ ስላለ፣ ፖውል ኒልሰን በ1942 ስታንዌል የሚሆነውን ድርጅት የጀመረው በአገሩ የቢች እንጨት ነበር። ጥቃቅን ነጠብጣብ የሞላበት፣ ቀለል ያለ የዴንማርክ ፒፓ ካገኛችሁ ዘመኑን ከዚህ ጀምሩ።

5. በቅርጽ ብቻ አትፍረዱ

አናቱ እንደ ቅርፊት ሻካራ ሆኖ የተተወ፣ ጠማማ ፒፓ ሲያዩ ብዙዎች «ፕሬበን ሆልም!» ይላሉ። ሌሎቹ የዴንማርክ ፒፓ ሠሪዎች ካርል ኤሪክም ኤሪክ ኖርዲንግም ግን በዚያው ዘይቤ ሠርተዋል። በ1970ዎቹ አሜሪካ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ማህተም የሌለውን በዝምታ «ዴንማርክ፣ ሰሪው ያልታወቀ» ብላችሁ መዝግቡና ዋጋውንም በዚያው ልክ ክፈሉ።

ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ የአንገቱን ግራ፣ ቀኝና ሥር ከጎን በበራ መብራት የተነሱ ሦስት ፎቶዎች። አልልክም ካለ ሌላ ፈልጉ።