የአልጋ ሥሩ ክምር እንዴት ቀለለ

ባለፈው ክረምት አልጋዬ ሥር የተከመሩትን መጻሕፍት ስቆጥር 23 ሆኑ። ሁሉም ፋንታሲ (የአስማትና የዘንዶ ልብ ወለድ)፣ ሁሉም ያልተነበበ። ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጅ ሲደርስ ከማንበብ ሌላ ምን ይሠራል? እኔ ግን ሌላ መጽሐፍ እገዛ ነበር።

መጀመሪያ «በቀን 50 ገጽ» ብዬ ተነሣሁ። በአራተኛው ቀን ተውኩት። ኮምቦልቻ ስመላለስ ሚኒባስ ውስጥም ሞከርኩ፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ግን ማንበብ ቀርቶ ቁርሴንም ሊያስመልሰኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሳገላብጥ ነው። እንደ አንድ ሥራ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በሦስት ቅጽ የወጣ ነው። ውስጡ ግን በስድስት ክፍል ተከፍሏል። ለካ የምፈራው ውፍረቱን ነው! አንዱን ክፍል እንደ አንድ መጽሐፍ ቆጠርኩት። ሲያልቅ፣ አለቀ። ከፈለግኩ ቀጣዩን ሳልጀምር ሌላ አነሣለሁ። ሌሎቹንም ወፍራሞች እንዲሁ ቆራረጥኳቸው።

ጊዜውን የሰጠኝ የእናቴ ቡና ነው። ማታ ቡናው ሲቀርብ ስልኬን ለእሷ አስረክባለሁ። ከአቦል እስከ በረካ አነባለሁ። ቤታችን በረካ ቶሎ አይደርስም፤ ጎረቤት ከመጣማ ጭራሽ ምዕራፍ ያስጨርሳል። «ልጄ፣ ያ ዘንዶ ዛሬም አልሞተም?» ትለኛለች።

እስካሁን ሰባት አንብቤያለሁ። መቼም እንደማላነባቸው ያወቅኳቸውን አምስቱን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁ። አስራ አንድ ቀሩ። ሁለት ሳልጨርስ አንድ አልገዛም ብያለሁ። ቅዳሜ ፒያሳ አንድ አዟሪ ሊያስተኝ ነበር፤ ዋጋውን ብቻ ጠይቄ አለፍኩ።