ልጆችን ከኒሞ ፊልም ወደ እውነተኛው ክላውንፊሽ እንዴት እንደምታደርሱ

«ፋይንዲንግ ኒሞ»ን፣ ክላውንፊሽ የተባለ ትንሽ የባሕር ዓሣ የጠፋ ልጁን ኒሞን ሲፈልግ የሚያሳየውን የካርቱን ፊልም፣ ከልጄ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው እርሷ ሰባት ዓመት ሲሆናት ነው። እኔ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ፊልሙ ገና ከመጀመሩ «እውነተኛው ዓሣ እንዲህ አያደርግም» እያልኩ ማብራራት ጀመርኩ። ልጄ ዞር ብላ «እማዬ፣ እባክሽ ልይበት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ከእርሷ፣ ከእህቴ ልጆችና ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ታሪኩን ሳልቀማቸው ወደ ባሕሩ የማደርስበትን መንገድ ያገኘሁት ቀስ በቀስ ነው፤ እናንተም ሞክሩት።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አትናገሩ። ይህ የፒክሳር የተባለው የካርቱን ፊልም ኩባንያ ሥራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው በአውስትራሊያ፣ ግሬት ባሪየር ሪፍ በተባለው ሪፍ (በባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ድንጋይ ክምር) ሲሆን፣ ሠሪዎቹ አዳም ሰመርስ የተባለ የዓሣ ሳይንቲስት አማካሪ ነበራቸው። ስለዚህ ከተፈጥሮ የሚርቅበትን ቦታ እኔ የማየው እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ተራኪ ምርጫ ነው። ለልጅ «ፊልሙ ዋሽቷል» ካላችሁት ፊልሙንም ባሕሩንም ይጠላል። «ባሕሩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ» ካላችሁት ግን ጆሮውን ያቆማል።

ከቀናት በኋላ እንደገና ክፈቱትና ሦስት ቦታ ላይ ብቻ አቁሙት።

የመጀመሪያው ማቆሚያ ኒሞ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል አባቱ ማርሊን ከአኔሞኒው ጋር እንዲታሽ የሚያዝዝበት ነው። «ለምን ይታሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለመመለስም አትቸኩሉ። አኔሞኒ አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ክንዶቹ የነካቸውን ትንሽ ዓሣ በመርዝ በሚወጉ ሕዋሳት የተሞሉ ናቸው። ለቦታው አዲስ የሆነ ክላውንፊሽ ዘልሎ አይገባም። በክንፉ ጫፍ ይነካል፣ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይነካል፤ በመጨረሻም መላ አካሉን ያስገባል። ገላውን የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ከሌሎች ዓሦች ይለያል፦ የአኔሞኒውን መውጊያዎች ከሚያስነሱት ነገሮች አንዱ የሆነው ሲያሊክ አሲድ በውስጡ በጣም ጥቂት ነው።

ይህን በቃል ብቻ አትተዉት። እኔ በመጀመሪያ እጃቸውን ዘይት ቀብቼ ፕላስተር እንደማይጣበቅበት አሳያቸው ነበር፤ ነገር ግን ዓሣው የሚድነው ስለሚያዳልጥ ነው ብለው ሲረዱ አይቼ ተውኩት። አሁን አንዱን ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ አኔሞኒ እንዲሆን አደርጋለሁ። ሌሎቹ በጣታቸው ሲነኩት ይይዛቸዋል፤ ጣቱን በሱፍ ጨርቅ ጠቅልሎ የነካውን ግን አይዝም። አኔሞኒው ዓይን የለውም፤ የሚያውቀው በንክኪ የሚደርሰውን ብቻ ነው። በዚህ ጨዋታ ይህ ነገር ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል። ተራ ሲቀያየሩ ደግሞ ዓሣው ለባለቤቱ ምን እንደሚከፍል ንገሯቸው፦ የአኔሞኒውን ክንዶች የሚበሉ ዓሦችን ያባርራል፣ ኩሱም ለአኔሞኒው ማዳበሪያ ይሆናል። ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉት የአኔሞኒ ዝርያዎች ክላውንፊሽን የሚያስጠጉት አሥር ያህል ብቻ ናቸው። ሠላሳ የሚደርሱት የክላውንፊሽ ዝርያዎችም የሚኖሩት በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች እንዲሁም በቀይ ባሕር ነው፤ በአትላንቲክ አንድም የለም።

ሁለተኛው ማቆሚያ ከሁሉም ይከብዳል፤ ኮራል የተባለችው የኒሞ እናት ባራኩዳ በተባለ አዳኝ ዓሣ የምትሞትበት መጀመሪያው ክፍል ነው። ልጄ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ነበር። እዚህ ላይ ትምህርት አትጀምሩ፤ መጀመሪያ እቀፏቸው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ «እውነተኛው አባት ብቻውን ያሳድገዋል?»

መልሱን ሳትሸፋፍኑ ስጡ። በአንድ አኔሞኒ ውስጥ የምትገዛው ከሁሉም ትልቋ ሴት ናት። ቀጥሎ ባልዋ፣ ከእርሱ በታች ደግሞ ገና ለመዋለድ ያልደረሱ ትናንሾች ይሰለፋሉ። እርሷ ስትሞት ባልየው ሴት ይሆናል፤ ከትናንሾቹ ትልቁ ደግሞ ወንድ ሆኖ ያድጋል። ተመራማሪዎቹ ሃንስ እና ሲሞን ፍሪኬ ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 ገልጸውታል። ልጆች በዚህ እንደሚደናገጡ የሚያስቡ ወላጆች አሉ። በእኔ ልምድ የሚደናገጡት አዋቂዎች ናቸው፤ ልጅ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይቀጥላል። እናንተም አባጨጓሬ ቢራቢሮ ስለመሆኑ በምታወሩበት ድምፅ ተናገሩት።

ከዚህ ይልቅ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው የአባትየው ነገር ነው፤ እኔን ራሴን ልቤን የሚነካኝም ይህ ነው። ማርሊን አሳቢ አባት መሆኑ ከባዶ የመጣ አይደለም። እውነተኛው ወንድ ከአኔሞኒው ሥር፣ ድንጋይ ላይ የተጣበቁትን በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ከስድስት እስከ አሥር ቀን ይጠብቃል። በክንፉ ውኃ ያራግብላቸዋል፣ በአፉ ያጸዳቸዋል፣ የሞቱትን ለቅሞ ያነሣል። ከዚያ አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ይፈለፈላሉ፤ የባሕሩም ፍሰት ይወስዳቸዋል። አሥር ቀን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ በሰፊው ውኃ ላይ ይንሳፈፉና የተረፉት ሽታ እየተከተሉ አኔሞኒ ይፈልጋሉ። ጥቂቶቹ በተወለዱበት ሪፍ አካባቢ ያርፋሉ፤ ነገር ግን በአንድ አኔሞኒ ውስጥ አብረው የምታዩአቸው ትልልቆችና ትንሾች አብዛኛውን ጊዜ ወላጅና ልጅ አይደሉም። አባት ልጁን ፍለጋ ውቅያኖስ የሚያቋርጥበት ፊልም የተሠራው ልጁን ፈጽሞ በማያውቅ ዓሣ ላይ ነው።

ይህን ስነግራት ልጄ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ዝምታውን አትሙሉት።

ስታገግም ያነሣሣት የሰልፉ ሥርዓት ነበር። ከታች ያለው ዓሣ በመጠኑ ከበላዩ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ተመራማሪው ፒተር በስተን እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳየው ደግሞ ይህ የሚሆነው ትንሹ የራሱን ዕድገት ስለሚገታ ነው። ከበላዩ ያለውን የሚያስፈራራ መጠን ላይ ከደረሰ ይባረራል፤ ከአኔሞኒው ውጭ ያለ ክላውንፊሽ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ልጆቹን በቁመት አሰልፏቸውና ትልቋ ከሰልፍ ስትወጣ እያንዳንዱ አንድ ቦታ ወደፊት ይራመድ። ወረቀት ላይ ከመሣል የበለጠ ይሠራል።

ሦስተኛው ማቆሚያ ኒሞ ተይዞ የሚቀመጥበት፣ በአውስትራሊያዋ ከተማ በሲድኒ ያለው የዓሣ ገንዳ ነው። በፊልሙ ውስጥ ቧንቧ ሁሉ ወደ ባሕር ያደርሳል ይባላል፤ በሽንት ቤት የተለቀቀ የባሕር ዓሣ ግን በጨው አልባ ውኃ ይሞታል፤ ይህን በግልጽ ንገሯቸው። «እኛም እናሳድግ» ካሉ የእኔ መልስ ችኮላ የሌለበት «አይሆንም» ነው፤ በሰው እጅ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖር፣ በየቀኑ የተመጠነ የጨው ውኃ የሚፈልግ እንስሳ የአንድ ሳምንት ፍላጎት ማርኪያ አይደለም። የግድ ከሆነ በሰው እጅ የተፈለፈለውን ብቻ ውሰዱ፤ ክላውንፊሽ በገንዳ ውስጥ ይዋለዳል፣ ከሪፍ የሚነጠቅበት ምክንያት የለም።

ለዘጠኝና አሥር ዓመት ልጆች የውኃውን ሙቀት ጉዳይ እጨምራለሁ። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ አኔሞኒውም ሪፉን እንደሚሠራው እንስሳ፣ እንደ ኮራሉ፣ በውስጡ የሚኖሩትን አልጌዎች (ደቃቅ ዕፅዋት መሰል ሕያዋን) አጥቶ ይነጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በግሬት ባሪየር ሪፍ የሆነውን ፎቶግራፍ ፈልጋችሁ አሳዩአቸው። ለትናንሾቹ አቆየዋለሁ፤ ሊያደርጉበት የማይችሉትን ጭንቀት ማሸከም አልወድም።

በመጨረሻ ወረቀት ስጧቸውና ታሪኩን በባሕሩ ሕግ እንደገና ይሥሩት። ሕጎቹ ሦስት ይሁኑ፦ ሴቷ ትገዛለች፣ የተፈለፈለ ይሄዳል፣ የመጣ እንግዳ ነው። የልጄ መጽሐፍ ስምንት ገጽ ነበረው። አራተኛው ገጽ በሙሉ በጥቁር እርሳስ የተቀባ ነው፤ እንቁላሎቹ የተፈለፈሉበት ሌሊት። በስምንተኛው ገጽ አንድ የጣት ጥፍር የምታህል ዓሣ የማታውቀው አኔሞኒ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ትልቋ ሴት መንገዱን ዘግታባታለች። ትንሿም «ቦታ አልይዝም፣ እስክትፈቅጂልኝ ትንሽ ሆኜ እቆያለሁ» ትላታለች።