ትንፋሽን መቆጠብ፦ የሳንባ ካንሰር ታማሚን ቤት ውስጥ እንዴት ማስታመም ይቻላል?

እናቴ የታመመች ሰሞን የመጀመሪያው ጥፋታችን በስኒ ተሠራ። ሐኪሙ «የሳንባ ካንሰር» ያለውን ዘመድ «የሳንባ ነቀርሳ» ብሎ ሰማው፤ የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ በጤና ጣቢያ አማርኛ ቲቢ ማለት ነው። በማግስቱ ማንም ሳያዝዝ ስኒዋ፣ ሳህኗና ማንኪያዋ ለብቻ ተቀመጡ። እሷም አየች፤ ዝም አለች።

ይህ በሽታ በየቀኑ ትንፋሽ ይወስዳል። ከተረፈችው ላይ ደግሞ ወዳጅ ዘመድ ከመውደዱ ብዛት ይቀንሳል፤ በጠያቂ ጋጋታ፣ በዕጣን ጭስ፣ «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ ጉረሺልኝ» እያለ። ከዚህ በታች ያለው የሐኪምን ቦታ አይተካም። ያችን የተረፈች ትንፋሽ ለመቆጠብ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ግን በተራ ያሳያል።

1. ስሙን አስተካክለው ይጥሩት

የሳንባ ካንሰር ተላላፊ አይደለም። በሳል፣ በጋራ ገበታ ወይም በመሳሳም ወደ ሌላ ሰው አይሄድም፤ ስኒውን ወደ ቦታው ይመልሱ። ካንሰርና ቲቢ በሳል፣ በክሳትና ደም በማስተፋት ስለሚመሳሰሉ፣ የቲቢ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው ካንሰር የሚገኝባቸው ሰዎች አሉ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከሰውነት የተወሰደው ናሙና ምርመራ ምን እንዳሳየ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ።

ከታማሚው መደበቅስ? እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታመመ ሰው አይነገርም፤ «ሳንባ ምች ነው» ይባላል። ቤተሰቡ በር ላይ ያንሾካሽካል፣ ታማሚው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰማል። እኔ ሁለት ወር ደበቅሁ። በመጨረሻ ስነግራት «ስኒዬን የለያችሁ ዕለት ዐውቄዋለሁ» አለችኝ። ሁሉም ሰው ሁሉንም መስማት አይፈልግ ይሆናል፤ «ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ ወይስ ይቆይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል።

2. ጭስን ከቤት ያስወጡ

ቡናው ይፈላ፤ ከሰሉ ግን ውጭ ይቀጣጠል፣ ዕጣኑም ይቅር። «ያለ ዕጣን ምን ቡና አለ?» የሚሉ አክስት አይጠፉም፤ በትሕትና እንቢ ይበሏቸው። ማገዶና ኩበት በሚነድበት ማእድ ቤት አጠገብ መኝታ አያድርጉ። ታማሚው የሚያጨስ ከሆነ ከምርመራው በኋላም ቢሆን ማቆሙ ሕክምናውን ያግዛል፤ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሌላ ሰው ካለም በር ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ይሁን። «አጭሳ አታውቅም፣ ከየት መጣባት?» ለሚሉ ሰዎች፦ አጭሰው የማያውቁም ይታመማሉ። ያጨሰም ቢሆን አሁን ወቀሳ አይረባውም።

ኦክስጅን የታዘዘለት ሰው ክፍል ውስጥ ሻማ፣ ከሰልና ክብሪት ፈጽሞ አይግቡ፤ ኦክስጅን እሳትን ያባብሳል። መሣሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ሲሊንደር አስቀድመው ያዘጋጁ።

3. ትንፋሽ ሲያጥር የሚሠራውን አስቀድመው ይለማመዱ

ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ትንፋሹን ይበልጥ ያሳጥረዋል። በዚያ ሰዓት አዲስ ነገር ማስተማር አይቻልምና ደህና በሆነበት ቀን አብራችሁ ሞክሩት።

መጀመሪያ አያስተኙት፤ ወንበር ላይ አስቀምጠው ወደ ፊት ያዘንብል፣ ክርኖቹንም ጉልበቱ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ባለ ትራስ ያሳርፍ። ከዚያ በአፍንጫው እስከ ሁለት እየቆጠረ አየር ያስገባ፤ ሲያስወጣ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ፣ ትኩስ አጥሚት እንደሚያቀዘቅዝ ሰው እፍ እያለ እስከ አራት ይቁጠር። እርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው አብረው ይተንፍሱ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ከመሯሯጥ ይህ ይበልጣል።

ሦስተኛው ነገር ማራገቢያ ነው። ንጹሕ የከሰል ማራገቢያ ይያዙና ጉንጭና አፍንጫ አካባቢ ቀስ ብለው ያራግቡ። ፊት ላይ የሚነካ ቀዝቃዛ አየር የትንፋሽ እጥረትን ስሜት በእርግጥ ይቀንሳል፤ የሕክምና ባለሙያዎችም ይመክሩታል። ርካሽ ነው ተብሎ አይናቅ።

ስለ ከፍታም ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጤነኛ ሰው ላይም ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ከኢንተርኔት ባገኙት ቁጥር ከመደናገጥ፣ ለእናንተ ታማሚ የሚያሰጋው ቁጥር ስንት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

4. ጉልበትን እንደ ወር ደመወዝ ያብቃቁ

የካንሰር ድካም ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ገላ መታጠብና ሐኪም ቤት መሄድ በአንድ ቀን አይሁኑ። መታጠብ፣ መላጨት፣ ልብስ መልበስ ሁሉ ተቀምጦ ይሁን፤ አንዲት በርጩማ ብዙ ሥራ ትሠራለች። የሚያስፈልገው ሁሉ ከወገብ በላይና ከትከሻ በታች ይቀመጥ። ነገር ግን ጨርሶ መተኛት ጡንቻን ያሟሽሻልና፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በየቀኑ ግቢ ውስጥ ትንሽ ወክ ማለት አይቅር።

5. ምግብን ያሳንሱ፣ ያብዙ

መጠኑን ያሳንሱ፣ ጊዜውን ያብዙ፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በትንሽ ሳህን። አጥሚት፣ ገንፎ በቅቤ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የምስር ሾርባ ጥሩ ናቸው። የቁሌት ሽታ የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ራቅ ብለው ያብስሉ፣ ምግቡንም ቀዝቀዝ አድርገው ያቅርቡ። ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለ ሰው ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት አይቅመስ። በጾም ሰዓት የንስሐ አባትን ያማክሩ፤ በረመዳንም ታማሚ እንዲያፈጥር ተፈቅዷል።

ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን ማስታወስ እዚህም ይጠቅማል። በንጋት ብርድ መጠመቅ ለደከመ ሳንባ ስለሚከብድ መጠጣቱ ወይም መረጨቱ ይበቃል። የባህል መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ሐኪሙ ይወቅ፤ አንዳንዱ ከታዘዘው መድኃኒት ጋር ይጋጫል።

6. ለጠያቂ ሰዓት ይቁረጡ

ይህ ከሁሉ ያስቸገረኝ ነው። ጠያቂን መመለስ ነውር ነው፤ ጠያቂ ደግሞ እስኪጠግብ ይቀመጣል፣ «ጎረቤታችንን የገደለው ይኸው በሽታ ነው» የሚል ሰውም መካከላቸው አይታጣም። እኛ «ሐኪም ከልክሏል» ብለን ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ አደረግነው። የሐኪም ትእዛዝ ማንንም አያስቀይምም። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ሊረዳ የሚፈልግ ሰው ከመቀመጥ ይልቅ ውኃ ይቅዳ፣ ሌሊቱን ይጠብቅ፣ አስታማሚውን ያስተኛ።

7. ሞርፊንን አይፍሩ

«ሞርፊን ከተጀመረማ አበቃ» ይባላል። ስሕተት ነው። ሞርፊን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሐኪም ባዘዘው መጠን ሲወሰድ ሕመምን ብቻ ሳይሆን የትንፋሽ እጥረትንም ያቀልላል። ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጥ። ሆድ ማድረቁ አይቀርምና የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት እቤት ድረስ እየሄደ ሕመምን የማስታገስ አገልግሎት ይሰጣል።

8. ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት የሚሄዱባቸው ምልክቶች

ኬሞቴራፒ ላይ እያለ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ትኩሳት፤ ማስታገሻ ውጦ እስከ ነገ መጠበቅ የለም። ከአንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ በላይ ደም መትፋት፤ የታመመው ሳንባ ባለበት ጎን አጋድመው ወዲያው ይውሰዱት። የፊትና የአንገት ማበጥ፣ ድንገተኛ የእግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር፣ ድንገት የተባባሰ የትንፋሽ እጥረት፣ ግራ መጋባትና የሚጥል ሕመም። እነዚህን በወረቀት ጽፈው ስልኩ አጠገብ ይለጥፉ፤ ሌሊት ማንም አያስታውሳቸውም።

9. ወረቀቶቹ በአንድ ማኅደር ይሁኑ

የሲቲ ስካን ፊልም፣ የናሙና ውጤት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የመድኃኒት ዝርዝር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለ መዋጮው መታደሱን ያረጋግጡ፤ ያለ ሪፈር ከፍ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ወደ እናንተ ያዞረዋል። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውጭ አልነበረም፤ ዛሬ ጅማን የመሳሰሉ ከተሞችም ስለሚሰጡ የትኛው ቅርብ እንደሆነ ይጠይቁ። ከክልል መጥቶ ማረፊያ ያጣ ታማሚ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለውን ድርጅት መጠየቅ ይችላል። ፊልሙን ሐኪሙ ካየ በኋላ መልሰው ይቀበሉ፤ እኛ አንዱን እዚያው ረስተን ሁለተኛ ጊዜ ከፍለናል።