ሊብኢካፕን ለዴቢያን ፓኬጅ አድርጎ ማዘጋጀት

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ በአንድ የኢንተርኔት መስመር የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል ስረከብ፣ ከመስመሩ በስተኋላ የተቀመጠው ፕሮክሲ ሰርቨር (የተጠቃሚዎችን የድረ ገጽ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አማካይ) ስኩዊድ ነበር። በስኩዊድ የሚያልፈውን ይዘት ለማጣራት ወይም ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ፤ አንደኛው በ2003 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 3507 የተገለጸው አይካፕ ሲሆን ይዘቱን በኔትወርክ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል፤ ሁለተኛው ኢካፕ ግን የማጣሪያውን ሞጁል እዚያው ስኩዊድ ውስጥ ይጭነዋል። ስኩዊድንና ሞጁሉን የሚያግባባው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ሊብኢካፕ ይባላል። ድረ ገጾች አሁን በአብዛኛው የተመሰጠሩ በመሆናቸው፣ ፕሮክሲው ምስጢሩን ካልፈታ በቀር ሞጁሉ የገጹን ይዘት እንደማያይ አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው።

የሊኑክስ ሥርዓት የሆነው ዴቢያን ይህን ላይብረሪ በፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን በተዘጋጀ ፋይል፣ ራሱ ያቀርባል። ስለዚህ ለግል ማከማቻዎ የተለየ ቅጂ ለማዘጋጀት ቢያስቡም፣ በቅድሚያ የዴቢያንን የምንጭ ፓኬጅ አውርደው ቢያነቡ ብዙ ድካም ይቀንስልዎታል። ከዚያ የላይብረሪውን የተጨመቀ የምንጭ ፋይል ይቀበሉና ስሙን ያስተካክሉ፤ በስሙና በቁጥሩ መካከል ያለው ሰረዝ ወደ ታችኛው ሰረዝ ይቀየራል፣ ከቁጥሩ ቀጥሎም «ኦሪጅ» የሚለው ቃል ይገባል። ይህ ካልተደረገ የፓኬጅ መገንቢያ መሣሪያው የመጀመሪያውን ምንጭ አላገኘሁም ብሎ ይቆማል።

ከሁሉ የሚከብደው የፓኬጁ ስም ነው። እያንዳንዱ የጋራ ላይብረሪ ኮምፓይል ሲደረግ (ከምንጭ ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ) ኤስኦኔም የሚባል መለያ በውስጡ ይቀረጽበታል፤ ይህ ቁጥር ከምንጩ የስሪት ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። የሊብኢካፕ ምንጭ 0.2 በነበረበት ጊዜ ፓኬጁ ሊብኢካፕ2 ይባል ነበር፤ 1.0 ሲወጣ ግን ሊብኢካፕ1 ሳይሆን ሊብኢካፕ3 ሆነ፤ ምክንያቱም ስሙ የሚከተለው ኤስኦኔሙን ነው። ስለሆነም ቁጥሩን ከመገመት ይልቅ የተገነባውን ፋይል ኦብጅዳምፕ በተባለው የፋይል መመርመሪያ ትእዛዝ ከፍተው «ኤስኦኔም» የሚለውን መስመር ያንብቡ። በሲ ፕላስ ፕላስ ዘንድ ኮምፓይለሩም ቢሆን ጣጣ ያመጣል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ጂሲሲ 5 የተባለው ኮምፓይለር የጽሑፍ ዓይነቱን ውስጣዊ አሠራር በመለወጡ፣ የኮዳቸው አንድ መስመር ሳይነካ ስማቸውን ለመለወጥ የተገደዱ የዴቢያን ፓኬጆች ነበሩ።

ኮንትሮል በተባለው ፋይል ሁለት ፓኬጆችን ይግለጹ። የመጀመሪያው ለማስኬጃ የሚሆነውን ላይብረሪ ብቻ ይይዛል፤ «ዴቭ» የሚል ቅጥያ ያለው ሁለተኛው ሌላ ፕሮግራም በላይብረሪው ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ይይዛል፤ እነዚህም ሄደር ፋይሎቹ፣ በስሙ ቁጥር የሌለው አገናኝና ላይብረሪው የት እንዳለ ለኮምፓይለሩ የሚጠቁመው የፒኬጂ ኮንፊግ ፋይል ናቸው። ታይዋን ገበያ ካርቶኑን ሳያስከፍት ዕቃ የሚገዛ ሰው በላዩ የተጻፈውን እንደሚያምን ሁሉ፣ የዴቢያን ፓኬጅ ጫኝ የሆነው ኤፒቲም ኮንትሮል ላይ የተጻፈውን ያምናል። የግንባታውን ቅደም ተከተል የሚይዘው ሩልስ የተባለው ፋይል ግን ብዙ አያደክምም፤ ምንጩ አውቶቱልስ የተባሉትን የተለመዱ የግንባታ መሣሪያዎች ስለሚጠቀም የዴቢያን አጋዥ መሣሪያ ዴብሄልፐር አብዛኛውን ሥራ ያከናውነዋል።

የለውጦች መዝገብ በሆነው ቼንጅሎግ ፋይል ላይ ግን ዓይንዎን ይጣሉ። የመዝጊያው መስመር በአንድ ባዶ ቦታና በሁለት ሰረዝ ይጀምራል፤ በኢሜይሉና በቀኑ መካከል ደግሞ ሁለት ባዶ ቦታ ይፈለጋል። እኔ አንዱን ባዶ ቦታ ዘልዬ፣ ማስጠንቀቂያው የሚጠቁመው ስህተት የት እንዳለ ሳላይ ግማሽ ሌሊት አምሽቻለሁ። የፈቃድ ጽሑፉን ኮፒራይት በተባለው ፋይል ውስጥ ሲያሰፍሩም ከምንጩ ቃል በቃል ይገልብጡት።

ግንባታውን በገዛ ኮምፒውተርዎ ላይ ብቻ ሞክረው አይርኩ። ፒኬጂ ኮንፊግን ለግንባታው የሚያስፈልጉ ፓኬጆች ከሚዘረዘሩበት ቦታ ረስቼ ሳለ ፓኬጁ በእኔ ኮምፒውተር ያለ ችግር ተገንብቶ ነበር፤ ቀድሞ የተጫነ ነበርና። ጉድለቱን ያጋለጠው ፒቢልደር በተባለው መሣሪያ የተዘጋጀው ባዶ ሥርዓት ነው። መሠረታዊውን ሥርዓት መስመሩ ነጻ በሚሆንበት ሌሊት አንድ ጊዜ ካወረዱት፣ ለቀጣዮቹ ሙከራዎች ጥቂት ማደሻ ብቻ ይበቃል። ከዚያ የፓኬጅ ስህተት መርማሪ የሆነውን ሊንቲያንን አስኪደው በስህተትነት የመዘገባቸውን ሁሉ ያርሙ፤ ቀላል ማሳሰቢያዎቹን ግን በራስዎ ሚዛን ይዩአቸው።

በመጨረሻ ፓኬጁን ይጫኑና አንድ ፕሮግራም የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚጭን በሚያሳየው፣ ኤልዲዲ በተባለው ትእዛዝ በመጀመሪያ ስኩዊድን፣ ቀጥሎም ሞጁሉን ይፈትሹ። ሁለቱም ያንኑ የሊብኢካፕ ፋይል፣ በዚያው ቁጥር፣ ካሳዩ በስኩዊድ ማዋቀሪያ ፋይል ኢካፕን ያብሩና የሞጁሉን አድራሻ ያስገቡ። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ግን ስኩዊድን ዳግም ከማስነሳትዎ በፊት ወደ ኋላ ተመልሰው ሞጁሉን በአዲሱ የ«ዴቭ» ፓኬጅ እንደገና ኮምፓይል ያድርጉት።