እየተማራችሁ በኮንትራት አስተዳደር ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሥራ ተቋራጭ ቢሮ፣ ኮንትራት ክፍል ውስጥ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ፓርት ታይም እየሠራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ትልቁ ፈተናው የእውቀት ማነስ አይደለም። እሱ ክፍል ተቀምጦ ሳለ የውሉ ቀን ይቆጠራል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

የቃል ትእዛዝን "ሐሙስ ስገባ እጽፈዋለሁ" ማለት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም መደበኛ የግንባታ ውል፣ በአንቀጽ 3.3 እንዲህ ይላል፦ መሐንዲሱ (ውሉን ለአሠሪው የሚያስተዳድረው አማካሪ) በቃል ያዘዘውን ሥራ ተቋራጩ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ መሐንዲሱም ማረጋገጫው በደረሰው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ ማረጋገጫው እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል። ሰኞ ሳይት ላይ "ይህን ግድግዳ አፍርሳችሁ ወደዚያ አንሱት" ተባለ እንበል። ቢሮ የምትገቡት ሐሙስ ከሆነ ጊዜው ረቡዕ አልፏል። ክፍያ ሲጠየቅ "ማን አዘዘ?" ይባላል፤ የሚቀርብ ወረቀት ግን የለም። ስለዚህ ባዶ የማረጋገጫ ፎርም አዘጋጅታችሁ ለድርጅታችሁ ሳይት መሐንዲስ ስጡት፦ ማን አዘዘ፣ መቼ፣ በየትኛው ፎቅና አክሲስ (የፕላኑ መለያ መስመር)፣ ምን ተባለ። ሞልቶ ለሚፈርመው ኃላፊ ያድርሰው። ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ከሌለ እንደተላከ ማስረዳት ይከብዳል።

የ28 ቀኑን ማስታወቂያ ሒሳቡ እስኪያልቅ ማቆየት። በዚሁ መጽሐፍ አንቀጽ 20.1 ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚያስጠይቀውን ሁኔታ ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ዝርዝር ጥያቄው የሚቀርበው በ42 ቀን ውስጥ ነው። ማስታወቂያው የተከሰተውን ነገር መግለጽ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ስሌት አይጠይቅም። አንድ ገጽ ይበቃዋል፣ ዛሬውኑ ይውጣ።

ቆጠራው ላይም ጳጉሜን ብዙዎችን ታስታለች። ሁኔታው የታወቀው ነሐሴ 20 ቀን 2017 ቢሆን 28ኛው ቀን መስከረም 13 ቀን 2018 ነው። ጳጉሜን የዘለለ ሰው መስከረም 18 ብሎ ይጽፋል፤ አምስት ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። በፊዲክ "ቀን" ማለት የካሌንደር ቀን ስለሆነ እሑድና በዓልም ይቆጠራሉ። በምዝገባ ሠንጠረዡ ላይ የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን ጎን ለጎን ጻፉ።

የክፍል ኖትን እንደ ውል ማንበብ። መምህሩ ያስተማሩት የ2017 (እ.ኤ.አ.) እትም፣ ፕሮጀክቱ የተፈረመበት ደግሞ የ1999 ሊሆን ይችላል። በ2017ቱ ለዝርዝር ጥያቄ የተሰጠው 84 ቀን ነው። የመንግሥት ፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ፊዲክ ላይሆን ይችላል። ሥራ በጀመራችሁበት ቀን ልዩ የውል ሁኔታዎችን (ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ የተጻፉትን) ከዳር እስከ ዳር አንብቡ፤ ከጠቅላላ የውል ሁኔታዎች ጋር ሲጋጩ የሚገዙት እነሱ ናቸው። ቀናቱን በአንድ ገጽ አውጥታችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉ።

የክፍያ ሰርተፍኬት ላይ የወሩን ሥራ ብቻ ማስገባት። የሚሞላው እስከ ዛሬ የተሠራው ጠቅላላ መጠን ነው፤ ቀድሞ የተከፈለው ከዚያ ይቀነሳል። የቅድሚያ ክፍያ ተመላሽና መያዣም (ከየክፍያው ለዋስትና ተቀንሶ የሚቆይ ገንዘብ) አይዘንጉ። ቴክኦፍ (የሥራ መጠን ልኬት ወረቀት) ላይ የበርና የመስኮት ክፍተት ሳይቀነስ የብሎኬት ግድግዳ ከተለካ፣ አማካሪው ሰነዱን ይመልሰዋል፤ የአንድ መስመር ስህተት ሙሉውን ክፍያ ያዘገያል።

ሰነድ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ መውጣት። የነጠላ ዋጋ ትንተናና የክሌም (የተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ ጥያቄ) ደብዳቤ የድርጅቱ ምስጢር ነው። በቴሌግራም ለጓደኛ መላክም ያው ነው። ከፈለጋችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ የፕሮጀክቱንና የተዋዋዮቹን ስም፣ ዋጋውንም አውጡ። በአንድ ፕሮጀክት ላይ ለተቋራጩ እየሠራችሁ በአማካሪው ቢሮ ኢንተርንሺፕ አትውጡ።

የፈተና ሳምንትን በመጨረሻው ሰዓት መናገር። ሴሚስተሩ ሲጀመር የፈተናውን መርሐ ግብር ለኃላፊው በጽሑፍ ስጡ፤ የመግቢያ ቀናችሁም በቅጥር ውላችሁ ላይ ይስፈር። ከቢሮ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ግማሽ ገጽ ርክክብ ተዉ፦ የገቡ ደብዳቤዎች ቁጥር፣ መልስ የሚጠብቀው የትኛው እንደሆነ፣ የመጨረሻው ቀን፣ እናንተ በሌላችሁበት የሚከታተለው ሰው ስም። ያ ሰው ይፈርምበት።