አሮጌ ቲንክፓዶች ዕቃ ሲለዋወጡ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ወልዲያ፣ የአሮጌ ላፕቶፕ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከመጠበቅ ከተበላሸ ሌላ ላፕቶፕ ነቅሎ መግጠም የተለመደ ነው፤ ያዋጣልም። ስህተቱ በስክሪኑ ስፋት መምረጥ ነው። መታየት ያለበት የተሠራበት ዘመን ነው። ከሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ባለ 12.5 ኢንቹ ኤክስ 220፣ ባለ 14ቱ ቲ 420 እና ባለ 15.6ቱ ቲ 520 ሦስቱም የ2011 ስሪት ስለሆኑ ብዙ ዕቃ ይጋራሉ። ቲ 420 እና ቲ 440 ግን ስፋታቸው እኩል ሆኖ እንኳ አይግባቡም።

ከመንካታችሁ በፊት ቻርጀሩንና ባትሪውን አውጡ፤ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጫኑ። በበጋ ሹራብ ለብሳችሁ ከሆነ ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ መጀመሪያ ብረት ንኩ።

ሚሞሪ ተቀየረ፤ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው
ከቲ 420 ወጥቶ ቲ 440 ወይም ኤክስ 240 ላይ ከተገጠመ ምክንያቱ ቮልቴጅ ነው። የሁለቱም ሚሞሪ ዲዲአር 3 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሁለቱም 204 እግር አላቸው፣ ቦታው ላይ ልክ ይገባሉ። ነገር ግን የቲ 420ው ብዙውን ጊዜ 1.5 ቮልት ሲሆን አዲሶቹ የሚሠሩት በ1.35 ቮልት ብቻ ነው። ሚሞሪው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ «ፒሲ 3 ኤል» (PC3L) የሚለውን ፈልጉ። «ኤል» ያለበት በአሮጌዎቹም ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ መግዛት ካለባችሁ እሱን ግዙ።

ሃርድ ዲስኩ አልገባም አለ
የኤክስ 220 ቦታ 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቲ 420 ደግሞ 9.5። ወፍራሙን በግድ አትግፉ፣ ማገናኛው ይሰበራል። ቀጭኑ ቲ 420 ውስጥ ሲገባ ግን ስለሚወዛወዝ በ2.5 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ደግፉት። ገብቶ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ የሳታውን (የዲስክ ማገናኛውን) ምርጫ ዲስኩ በፊት ከነበረበት ላፕቶፕ ጋር አመሳስሉ።

ሲበራ 1802 ብሎ ይቆማል
የዋይፋይ ካርዱን ባዮሱ አልተቀበለውም። ካርዱ ደህና ነው፤ ብቻ በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም። አውጡትና የሌኖቮ ኤፍአርዩ (የመለዋወጫ መለያ) ቁጥር ያለበትን፣ ከዚያው ዘመን ቲንክፓድ የወጣ ካርድ ግጠሙ።

ኪቦርድና ባትሪ
የኤክስ 220፣ የቲ 420 እና የቲ 520 ኪቦርድ አንድ ነው። ከሆዱ የኪቦርድ ምልክት ያለባቸውን ብሎኖች ፍቱ፣ ኪቦርዱን ወደ ስክሪኑ ገፋ አድርጉና ከፊት በኩል አንሱት፤ ኬብሉን ሳትነቅሉ አትጎትቱ። ባትሪ ቲ 420 እና ቲ 520 ይዋዋሳሉ፣ የኤክስ 220 ግን ቅርጹም ሌላ ነው። የቲ 420 ባትሪ ቲ 430 ላይ ይገባል፣ ግን ቻርጅ አያደርግም።

ፕሮሰሰር ከተቀየረ በኋላ እየሠራ ድንገት ይጠፋል
የኤክስ 220 ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይነካም። የቲ 520 ባለ አራት ኮር 45 ዋት ፕሮሰሰር ቲ 420 ላይ ይገጠማል፣ ማቀዝቀዣው ግን የተሠራው ለ35 ዋት ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ይህ ልዩነት ቶሎ ይታወቃል። ባለ ሁለት ኮሩን መልሱ። እሱም ከጠፋ የደረቀውን ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል አጽዱ፣ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ አድርጉ፣ ብሎኖቹን በየተራ በሰያፍ አጥብቁ። «ፋን ኢረር» ካለ ደግሞ የፋኑ ኬብል አልተሰካ ይሆናል።