አዲስ ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የያዛችሁትን ለዓመታት ማቆያ መንገዶች

የምተዳደረው ስልክ በመጠገን ነው። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ይሄ ስልክ አርጅቷል መሰለኝ፣ ልቀይረው?» ከፍቼ ሳየው ብዙ ጊዜ ስልኩ አላረጀም። ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የቻርጅ መሰኪያው ተደፍኗል፣ ወይ ደግሞ ውስጡ በቪዲዮና ማንም በማይነካቸው አፖች ተጨናንቋል። ሦስቱም መፍትሔ አላቸው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅኩ። አፕል ስለ አይፎኖቹ በሚያወጣው ሪፖርት እንደሚታየው፣ አንድ ስልክ በዕድሜው ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት 80 በመቶ ገደማው የሚመጣው ከምርቱ ነው። ማዕድኑ ሲወጣ፣ ቺፑ ሲሠራ፣ ሲገጣጠም። ስልኩ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ አብዛኛው ብክለት ተፈጽሟል ማለት ነው። እኛ ለዓመታት ቻርጅ የምናደርግበት ኤሌክትሪክ ከዚያ አንጻር ትንሽ ነው። ባትሪ ውስጥ የሚገባው ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። እዚያ በእጃቸው ጉድጓድ እየቆፈሩ ከሚያወጡት ሰዎች መካከል ሕፃናት አሉበት። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ቆሻሻው አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል። ከዚህ ውስጥ በሥርዓቱ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በግሉ ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው፣ የያዘውን ስልክ አንድ ሁለት ዓመት ጨምሮ መያዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ መሰኪያውን እዩት

«ገመዱን ካላጣመምኩት ቻርጅ አይቀበልም» የሚለው አቤቱታ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ስልክ የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያሳዝናል። ኪስ ውስጥ የሚኖር ስልክ የጨርቅ ብናኝ ይሰበስባል። ገመዱን በሰካችሁ ቁጥር ብናኙ ወደ ውስጥ እየተገፋ ይጠቀጠቃል። ቆይቶ መሰኪያው ሥር ጠንካራ ንጣፍ ይሠራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ገመዱ ሲገባ «ቀጭ» አይልም፣ በገመዱ ጫፍና በስልኩ መካከልም ስስ ክፍተት ይቀራል።

ስልኩን አጥፉት። የእንጨት ስቴኪኒ ውሰዱና ጫፉን በምላጭ ጠፍጠፍ አድርጉት። ጥሩ ብርሃን ፈልጉ። በዩኤስቢ ሲ መሰኪያ መካከል ቀጭን ምላስ መሰል ነገር ታያላችሁ፤ እሱን አትንኩት። በዙሪያው፣ ጥግ ጥጉን ይዛችሁ፣ ሥሩ ድረስ ገብታችሁ በቀስታ ወደ ውጭ ጥረጉ። ግራጫ የብናኝ ጥቅል ተቆርሶ ይወጣል። መርፌ ወይም ሌላ ብረት በፍጹም አትጠቀሙ፤ የምላሱን ንክኪዎች ይቆርጣል። በአፍም አትንፉበት፣ እርጥበት ይገባል። ከዚያ ገመዱን ሰክታችሁ «ቀጭ» ማለቱን አዳምጡ።

ባትሪው ሲደክም ስልኩን አትቅበሩት

ስልኩ 30 በመቶ ላይ እያለ ድንገት ከጠፋ፣ ወይም ጠዋት ሞልቶ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካለቀ፣ ባትሪው ነው። አይፎን የያዛችሁ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ከፍታችሁ የባትሪውን ጤንነት ማየት ትችላላችሁ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ለመቀየር ጊዜው ደርሷል። አንድሮይድ ላይ ይህን የሚያሳዩ ስልኮች አሉ፣ የማያሳዩም አሉ። ካላገኛችሁት ለጠጋኝ አሳዩት።

ሊቲየም አዮን ባትሪ አላቂ ዕቃ ነው። አፕል እስከ አይፎን 14 ላሉት ስልኮቹ የሚለው፣ ከ500 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅም ይቀራቸዋል ነው። ከአይፎን 15 ጀምሮ ቁጥሩን ወደ 1,000 ከፍ አድርጎታል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 20 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለገበያ የሚቀርብ ስማርት ስልክ ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅም እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። አንድ ዙር ማለት በድምሩ መቶ በመቶ መጠቀም ነው። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ አንድ ዙር ሆነ።

እዚህ ላይ ሰው እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል አንድ ነገር አመነ፦ ባትሪያቸው የደከመ አሮጌ አይፎኖችን በሶፍትዌር አፕዴት ፍጥነታቸውን እየቀነሰ ነበር። ምክንያቱ ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን ለተጠቃሚው ሳይነገረው መደረጉ ነው። ሰው ስልኩ ሲንቀራፈፍ ባትሪ መቀየር እንደሚያድነው አላወቀም፤ አዲስ ስልክ ገዛ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚሁ ጉዳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኦስራምንና ፊሊፕስን የመሳሰሉ አምፖል አምራቾች ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ ወደ 1,000 ሰዓት አውርደውታል። ከዚያ በላይ የሚቆይ አምፖል ያመረተ ይቀጣ ነበር። ስለዚህ «ዕቃው ዘመኑ አልፎበታል» ሲሏችሁ፣ በማን ውሳኔ እንዳለፈበት ጠይቁ።

የተቀየረለት ባትሪ ቶሎ እንዳይደክም ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ቻርጅ ላይ ሰክቶ ጌም መጫወት፣ ትራስ ሥር አድርጎ ቪዲዮ እያዩ ማንቀላፋት፣ መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ መተው፤ እነዚህ ሦስቱ ይበቁታል። የቻለ ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ያቆየው። በብዙ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ 80 በመቶ ሲደርስ ቻርጁን የሚያቆም አማራጭ አለ፤ አብሩት።

የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጎን መነሳት ከጀመረ ግን ጨዋታ የለም። አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ለመጫን ወይም ለመብሳት አትሞክሩ፣ እሳት ይነሳል። ቶሎ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

ቪዲዮው ስለማያልቅ ነው ባትሪው የሚያልቀው

ስልክ የሚያደክመውን ነገር ስመረምር ከላይ የማገኘው ሁሌም የመዝናኛ አፕ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ከፍታችሁ የትኛው አፕ ምን ያህል እንደበላ እዩ። ከዚያ ስክሪን ታይም (አይፎን ላይ) ወይም ዲጂታል ዌልቢንግ (አንድሮይድ ላይ) የሚለውን ክፈቱና የትኛው ስንት ሰዓት እንደወሰደ እዩ። ሁለቱ ዝርዝሮች ብዙውን ጊዜ አንድ ናቸው። ባትሪውን የበላው ቀናችሁንም በልቶታል።

ይህ የእናንተ ድክመት ብቻ አይደለም። አፖቹ እንደዚያ ሆነው ነው የተሠሩት። ወደ ታች ሲጎትቱት የማያልቀውን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው አዛ ራስኪን ራሱ በኋላ ተጸጽቶበታል። በፊት ገጹ ሲያልቅ ሰው «ይብቃኝ» ይል ነበር። አሁን ማለቂያ የለውም፣ ስለዚህ ይብቃኝ የሚባልበት ቦታም ጠፋ። የኔትፍሊክስ ኃላፊ የነበረው ሪድ ሄስቲንግስም እ.ኤ.አ. በ2017 ተፎካካሪያችን እንቅልፍ ነው ብሏል። እንቅልፋችሁን በግልጽ የፈለገ ኢንዱስትሪ ነው።

ስለዚህ ማቆሚያውን ራሳችሁ መልሱት። በቅድሚያ አውቶፕሌይን አጥፉ። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው በራሱ እንዲቀጥል የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ኔትፍሊክስ ላይ ደግሞ በድረ ገጹ በኩል ወደ ፕሮፋይላችሁ ገብታችሁ ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር ማድረግ ትችላላችሁ። ከዚያ ኖቲፊኬሽን። እኔ የምመክረው ሁሉንም አጥፍቶ፣ ሰው በስሙ የሚፈልጋችሁን ብቻ ማብራት ነው፦ ጥሪ፣ ቴክስት፣ የሥራ መልእክት። «እንዳያመልጥዎ» የሚለው ማስታወቂያ ከማንም አልመጣም፤ ከማሽን ነው።

የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ማድረግም ይጠቅማል። በእጅ በተያዘ ስክሪን ላይ 480 ለአብዛኛው ነገር ይበቃል። ዳታም ይቆጥባል፣ ስልኩም ብዙ አይሞቅም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ ኔትወርኩ እንዳይጨናነቅ ሲሉ በአውሮፓ ጥራታቸውን ቀንሰው ነበር፤ ዓለም አልፈረሰም። ደጋግማችሁ የምትሰሙትን ሙዚቃ ደግሞ በዋይፋይ አንዴ አውርዱት። በየቀኑ ከሰርቨር መሳብ ምን ይጠቅማል?

ልጆች ስልካችሁን የሚነኩ ከሆነ፣ ማንኛውም ግዢ ፓስወርድ እንዲጠይቅ አድርጉ። ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም። ፎርትናይት የሚባለው ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ተጫዋቾች፣ ልጆችም ጭምር፣ በአንድ ቁልፍ ስህተት ሳያስቡት እንዲከፍሉ አድርጓል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተጠቃሚዎች 245 ሚሊዮን ዶላር ሊመልስ ተስማምቷል። ጌሙ ገና ሎድ ሲያደርግ እንኳ ቁልፍ የነካ ሰው ሒሳብ ይቆረጥበት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። «ግዛ» የሚል ቁልፍ ተጭናችሁ ያገኛችሁት ፊልም ወይም ኢ-መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የእናንተ አይደለም፤ የማየት ፈቃድ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የኢ-መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት ጠፉ። ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል፣ መጻሕፍቱ ግን አልተመለሱም። በጣም የምትወዱትን ነገር ፋይሉን አውርዳችሁ በምታስቀምጡበት መንገድ ግዙ።

ቦታ እና አፕዴት

ሜሞሪው ጢም ያለ ስልክ ይንቀራፈፋል። ከአጠቃላዩ አንድ አምስተኛ ያህሉን ክፍት ተዉለት። በቴሌግራም እና በዋትስአፕ የሚላኩ ቪዲዮዎች በራሳቸው እንዳይወርዱ ሴቲንጋቸውን አስተካክሉ፤ ብዙ ሰው ቦታው የሚያልቅበት በዚህ ነው። አፕዴትን ፈርታችሁ አትዝለሉ፣ የደኅንነት ክፍተት የሚደፈነው በሱ ነው።

የግድ መግዛት ካለባችሁ

ሻጩን ስለ ካሜራው ከመጠየቃችሁ በፊት አፕዴት ለስንት ዓመት እንደሚሰጠው ጠይቁ። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ 24 ጀምሮ ለዋና ስልኮቻቸው የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። ይህ ማለት ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለተኛ እጅ የሚሸጠው ያው ስልክ ገና 5 ዓመት አለው። እኔ ብሆን የምገዛው እሱን ነው። አይፊክስት የሚባል ድረ ገጽ ላይ የሞዴሉን ስም አስገብታችሁ እንዴት እንደሚፈታ በነጻ ማየት ትችላላችሁ። ባትሪው በቀላሉ የማይወጣ ከሆነ ነገ የምትከፍሉት የእጅ ዋጋ ዛሬ ታወቀ ማለት ነው።

አሮጌውን ስታስተላልፉ

መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። ባትሪው እዚያው ይበላሻል፣ ለሌላ ሰው ሊጠቅም የሚችልበት ጊዜም ያልፋል። ለሰው ስጡት ወይም ሽጡት። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፣ ምክንያቱም ምንም ያልሆኑ ስልኮች በአካውንት ቁልፍ ምክንያት እጄ ላይ ወድቀው ለመለዋወጫ ሲፈቱ አያለሁ። ስክሪናቸው ንጹሕ፣ ባትሪያቸው ጤነኛ። የቀድሞው ባለቤት ሪሴት አድርጓቸዋል፣ ማለትም ውስጣቸውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ አድርጓቸዋል፣ ነገር ግን ከአካውንቱ አልወጣም። ስልኩ ሲከፈት የሱን ፓስወርድ ይጠይቃል። ባለቤቱን ማግኘት ካልተቻለ ነገሩ እዚያው አበቃ።

በመጀመሪያ ፎቶና ስልክ ቁጥሮቻችሁን ሌላ ቦታ ቅዱ። ቀጥሎ አይፎን ከሆነ «ፋይንድ ማይ» የሚለውን (የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን) አጥፉና ከአፕል አካውንታችሁ ውጡ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የጉግል አካውንቱን፣ የአምራቹ አካውንት ካለም እሱንም፣ አንሱ። ሪሴት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ሲጨርስ ተቀባዩ ፊት አብሩት፣ የማንንም ፓስወርድ ሳይጠይቅ ቋንቋ አስመርጦ እንደ አዲስ ከቀጠለ ጨርሳችኋል። ሲም ካርዱንና ሜሞሪ ካርዱን ማውጣት አትርሱ።